ጅማ ተቀምጦ በአማርኛ ብሎግ መጀመር

ጥቅምት ላይ አንድ ሰው ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ እሸት ቡና ለመድረቅ ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አምስት ጥሩ መልስ ያገኛል። በዓመቱ ጥቅምት ሌላ ሰው ያንኑ ይጠይቃል፤ የሚያውቁትም ያንኑ መልስ እንደ አዲስ ይጽፋሉ። የአምናው መልስ አልጠፋም፤ በሺህ መልእክት ሥር ስለተቀበረ ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

ብሎግ ወይም ጦማር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የራሱ አድራሻና ርዕስ ያለው፣ ከርሞም በፍለጋ የሚገኝ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ለኩት፦ የማላውቀው ሰው ይህን ጽሑፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈልጎ ያገኘዋል ወይ? ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚደክመው በቀለም ምርጫና በአርማ ነው። መገኘትን የሚወስኑት ግን ፊደሉ፣ አድራሻው፣ ርዕሱና ቀኑ ናቸው።

ምን ይጻፍ?

«ስለ ሕይወት፣ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ስፖርትና ስለ ጤና» የሚል ብሎግ ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ ይቆማል። ጸሐፊው ሰንፎ አይደለም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚጽፍ የሚነግረው ነገር ስለሌለ ነው። ጠባብ ርዕስ ግን ቀጣዩን ጥያቄ ራሱ ይወልዳል። መፈተኛው ቀላል ነው። ወረቀት አውጡና ሰዎች ጠይቀዋችሁ፣ እናንተም ሌላ ሰው ሳታማክሩ የመለሳችኋቸውን 10 ጥያቄዎች ጻፉ። አሥሩ ካልሞላ ብሎጉን ከመክፈታችሁ በፊት ርዕሱን ቀይሩ። አሥሩ ከሞላ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን የአምስት ወር ጽሑፎች በእጃችሁ ይዛችኋል፤ በሁለት ሳምንት አንድ ለጀማሪ በቂ ነውና።

ጅማ ውስጥ ጠባብ ርዕስ አይጠፋም። ሂርማታ ገበያ ኮረሪማ ሲገዛ ምን እንደሚታይ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለተመደበ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያው ሳምንት ምን ምን እንደሚፈልግ፤ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለማየት ለሚሄድ ቤተሰብ መንገዱ፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ጥሩው ከመጥፎው በምን እንደሚለይ። እነዚህ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው በግምት ሊጽፋቸው የማይችላቸው ናቸው። እዚያው ሆናችሁ ሄዳችሁ ማየት፣ ለክታችሁ መጻፍ የምትችሉት ነገር ከሁሉ ይበልጣል።

ለክታችሁ ማለቴ በምክንያት ነው። «ቡናው በደንብ ይድረቅ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም አይረባም። «ቀዩ ተለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይሰጣ፤ በቀን ደጋግሞ ይገላበጥ፤ ከዝናብና ከሌሊት ጤዛ ይሸፈን፤ እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይነሳ፤ እንደ አየሩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል» የሚለው ግን ሥራ ያሠራል። በላዩ ምክንያቱን ጨምሩበት፦ ውፍረቱ ከበዛ ከሥር ያለው ሳይደርቅ ሻጋታ ይይዘዋል። ምክንያቱን ያወቀ አንባቢ ጽሑፉ ያልጠቀሰው ነገር ቢገጥመውም ራሱ ይወስናል።

ቤቱን መክፈት

በነፃ ከሚገኙት ሁለቱ የታወቁት የጉግል የሆነው ብሎገርና ወርድፕሬስ ዶት ኮም ናቸው። ለመጀመሪያው ዓመት ምርጫዬ ብሎገር ነው። የጂሜይል አካውንት ያለው ሰው ሌላ ምዝገባ አያስፈልገውም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም አይጠየቅም፤ አንባቢ ቢበዛም ክፍያ አይመጣበትም። ወርድፕሬስ በአቀራረብ ይበልጣል፤ ሆኖም በነፃው አገልግሎት ጽሑፋችሁ መሀል የእነሱ ማስታወቂያ ሊገባ ይችላል።

ብሎገር ሲከፈት ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የብሎጉን ስም፣ አድራሻውንና የጸሐፊውን መጠሪያ። ስሙ በግእዝ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ሲፈለግም ይቀየራል። አድራሻው ግን በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በሰረዝ ብቻ የሚጻፍ ነው፤ ኋላ ከተቀየረ ቀድሞ የተላከው ሊንክ ሁሉ ይሞታል። እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ብታስቡ አይበዛም። አጭር ይሁን፤ በስልክ ሲነገር የሰማው ሰው ሳያስደግም ይጻፈው። «ቀ» ወይም «ጸ» ያለበት ቃል ጣጣ አለው፤ አንዱ በኬ ሲጽፈው ሌላው በኪው፣ አንዱ በቲኤስ ሲጽፈው ሌላው በሌላ ይጽፈዋል። የትውልድ ዓመትና ስልክ ቁጥር አድራሻው ውስጥ አይግባ።

የራስን ዶሜይን፣ ማለትም የብሎገር ስም የሌለበት የራስ አድራሻ መግዛት ይቆይ። በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ ነው፤ ማደሱ ከተረሳ ስሙን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። አሥር ጽሑፍ ወጥቶ ሥራው እንደሚቀጥል ሲታወቅ መግዛት ይደረሳል፤ ያኔ ዶሜይኑ ከብሎገር ጋር ሲያያዝ የድሮው አድራሻ አንባቢውን ወደ አዲሱ ይመራዋል።

ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ግቡ። የሰዓት ክልሉን ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደፊት ባለው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ላይ አድርጉት፤ ይህ ካልተስተካከለ ጠዋት የወጣ ጽሑፍ በትናንት ቀን ሊቆጠር ይችላል። እንደ ጉግል ያሉ ፍለጋ ሞተሮች ብሎጉን እንዲያዩት የሚፈቅደው ምርጫ መከፈቱን አረጋግጡ። በአንባቢውና በብሎጉ መካከል የሚሄደውን የሚመሰጥረውን ኤችቲቲፒኤስን አብሩ። አስተያየት እናንተ ሳታዩት እንዳይወጣ አድርጉ፤ አለዚያ በወር ውስጥ የቁማር ማስታወቂያ ይሞላዋል። የፍለጋ መግለጫ የሚለውንም አብሩት፤ በየጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ እንድትጽፉ ይፈቅዳል፤ ፍለጋ ውጤት ላይ ከርዕሱ ሥር ሊታይ የሚችለው እሱ ነው።

የገጽ ንድፍ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ከተሰጡት ቀለል ያለውን፣ ነጭ ላይ ጥቁር የሚጽፈውን ምረጡና እለፉ።

ፊደሉ

የአማርኛ ብሎግ ሳይነበብ የሚቀረው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የቁጥር ስምምነት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግእዝ ቅርጽ የሚያለብሱ ነበሩ፤ በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ዛሬም በየኮምፒውተሩ አለ። እንዲህ ያለው ሰነድ ኮፒ ተደርጎ ብሎግ ላይ ሲለጠፍ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ከመለጠፋችሁ በፊት ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ኤሪያል አድርጉት። ግእዝ እንደሆነ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው። ከተበተነ በመቀየሪያ ፕሮግራም ማሳለፍ ወይም እንደገና መጻፍ ነው። በስልክ ጂቦርድ፣ በኮምፒውተር ኪይማን ወይም ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው የአማርኛ ኪቦርድ የሚጽፉት ሁሉ ዩኒኮድ ነው።

አራት ነጥብ ሌላው ነው። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስለዋል። ዓይን ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የቃል መለያ ምልክቶች ናቸው እንጂ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይደሉም። ጠባብ የስልክ ስክሪን ላይ አንዱ መስመር መጨረሻ ቀርቶ ሌላው ወደ ቀጣዩ መስመር ሊወርድ ይችላል። ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ መሣሪያ የሚጠቀም ዓይነ ስውር አንባቢ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ አይሰማም። አንዱን «።» ተጠቀሙ፤ ከፊቱ ክፍተት የለም፣ ከኋላው አንድ ክፍተት አለ። ድሮ የጻፋችሁት ካለ በፈልግና ተካ በአንድ ጊዜ ይስተካከላል።

ከዚያ ድምፃቸው አንድ የሆነው ፊደላት አሉ፦ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። የከተማችን ስም ራሱ «ጅማ»ም «ጂማ»ም እየተባለ ይጻፋል፤ «ሀገር»ና «አገር»፣ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»፣ «ዓመት»ና «አመት» እንዲሁ። ፍለጋ ሞተር ሁለቱን አንድ አድርጎ ሊያያቸውም ላያያቸውም ይችላል፤ ለዕድል አትተዉት። አንዱን አጻጻፍ ምረጡ፣ ማስታወሻ ደብተር ላይ አስፍሩት፣ በርዕስም በጽሑፍም እሱን ብቻ ተከተሉ። ሰው በብዛት የሚፈልግበት ሌላ አጻጻፍ ካለ ጽሑፉ መሀል አንድ ጊዜ «ጂማ ተብሎም ይጻፋል» ብላችሁ አስገቡት። አንዳንዱ ጸሐፊ ሁሉንም አጻጻፍ ግርጌ ላይ ይደረድራል፤ ይህ አንባቢን ያስቀይማል፣ ፍለጋ ሞተሮችም ማጭበርበር አድርገው ይቆጥሩታል።

አሁን ከሁሉ የሚረሳውን፣ የየጽሑፉን አድራሻ እንይ። ብሎገር የጽሑፉን አድራሻ ከርዕሱ ነው የሚሠራው፤ የሚወስደው ግን የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ በግእዝ ከሆነ የሚተርፍለት ስለሌለ «ብሎግ ፖስት» የሚል ባዶ ስም በላቲን ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ጽሑፍ ያንኑ ስም ከቁጥር ጋር ያገኛል፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ሃያ ጽሑፍ ካወጣችሁ በኋላ የትኛው ሊንክ የትኛው እንደሆነ እናንተም አትለዩትም። ስለዚህ ከማውጣታችሁ በፊት በቀኝ በኩል ካለው የጽሑፉ ቅንብር ፐርማሊንክን ክፈቱና ከሦስት እስከ አምስት የላቲን ቃላት በሰረዝ አያይዛችሁ ራሳችሁ ጻፉ፤ ለቡናው ጽሑፍ «ጅማ፣ ቡና፣ ማድረቅ» የሚሉት ሦስት ቃላት በላቲን ፊደል ይበቃሉ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ይህ ይቆለፋል፤ ለመቀየር ወደ ረቂቅ መመለስ ግድ ነው፣ የተላከው ሊንክም ይሰበራል።

ወርድፕሬስ ደግሞ በተቃራኒው የግእዙን ርዕስ ይቀበላል፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ይመጣል። አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ አድራሻ ውስጥ ሲገባ በመቶኛ ምልክት ወደ ተጻፉ 9 ምልክቶች ይለወጣል። «ጅማ» የሚለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ 18 ምልክት ይሆናል። የአድራሻው ቦታ 200 ምልክት ብቻ ስለሚይዝ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ ሊንክ ግሩፕ ውስጥ የደረሰው ሰው ቫይረስ ይመስለዋል እንጂ አይከፍተውም። እዚያም አድራሻውን በላቲን በእጅ ጻፉት።

ስለ ገጽታው ጥቂት ልበል። ግእዝ ጥቅጥቅ ያለ ፊደል ስለሆነ ለላቲን የሚበቃው መጠን ይጠበዋል፤ 18 ፒክስልና የመስመር ርቀት 1.7 አካባቢ ስልክ ላይ ደህና ይነበባል። ፊደልን ወደ ጎን ማዝመም (ኢታሊክ) ከፊደላችን ልማድ የለም፤ ቃል ለመለየት «» በቂ ነው። ሁለቱንም ጠርዝ የሚያስተካክለውን አሰላለፍ ተዉት፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ በጠባብ ስክሪን ላይ በቃላት መካከል ቀዳዳ ይከፍታል።

ብዙው የጅማ አንባቢ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ያነባል። ሁለቱንም የሚጽፍ ሰው ሀብት አለው፤ ነገር ግን አንድ ጽሑፍ ውስጥ አንቀጽ በአንቀጽ አይቀላቅላቸው። ለየብቻ ወጥተው በሊንክ ቢተሳሰሩ እያንዳንዱ በየራሱ ቋንቋ ይፈለጋል። የዛፍ፣ የሰፈርና የመሣሪያ ስም ግን በአማርኛው ጽሑፍ ውስጥም በኦሮምኛ መጠሪያው አብሮ ቢገባ ደስ ይላል፤ ሰው የሚያውቀው በዚያ ነዋ።

ቀንና ልክ

ብሎገር ከጽሑፉ ጋር የሚያሳየው ቀን የፈረንጅ ነው፤ ዓመቱና ወሩ አድራሻው ውስጥም ይገባሉ። ጽሑፉ ውስጥ «በ2017» ስትሉ ላዩ ላይ 2025 ተጽፎ የሚያይ አንባቢ ግራ ይጋባል። ከርዕሱ ሥር የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ «ዓ.ም.» በሉ፤ የውጭውን ስትጠቅሱ «እ.ኤ.አ.» አትርሱ። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «አውቶቡሱ 12 ሰዓት ይነሳል» ሲባል ጠዋት ወይም ማታ መሆኑ ካልተነገረ አገሬው ይጠራጠራል፤ ከውጭ አገር የሚያነብ ሰው ደግሞ እኩለ ቀን ብሎ ይወስደዋል።

ዋጋ ያለ ቀን አይጻፍ። «የኮረሪማ ኪሎ ይህን ያህል ብር» ብቻውን በስድስት ወር ውሸት ይሆናል፤ «ሂርማታ፣ ኅዳር 12 ቀን» የሚል ሲታከልበት መረጃ ሆኖ ይቀራል። አገሬው የሚያውቀውን መለኪያም ለሩቅ ሰው ፍቱለት፤ ፈረሱላ ስትሉ 17 ኪሎ መሆኑን አንድ ጊዜ ተናገሩ።

ፎቶ፣ ኔትወርክና መብራት

የ1000 ቃላት የአማርኛ ጽሑፍ ምን ያህል ዳታ ይበላል? በአማካይ አምስት ፊደል ያለው ቃል 15 ባይት፣ ከክፍተቱ ጋር 16፤ በድምሩ 16 ኪሎባይት ገደማ። ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን የ250 ጽሑፍ ያህል ይከብዳል። በየአንቀጹ ጥሬ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው በዳታ የሚያነበውን አንባቢ ያስከፍላል። ፎቶውን ወደ 1200 ፒክስል ወርድ አሳንሱ፣ በጄፔግ 75 ወይም 80 ጥራት አስቀምጡ፤ በብዛት ከ250 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፤ ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ፎቶ፣ አንዱ ሥራው ሲሠራ የሚያሳይ፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የካሜራውን የቦታ ምልክት አስቀድማችሁ አጥፉ፤ ቤታችሁ ግቢ የተነሳ ፎቶ የቤታችሁን መገኛ ይዞ እንዳይሄድ።

ረቂቁን ብሎገር ላይ በቀጥታ አትጻፉት። ኔትወርክ ወይም መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠው ይጠፋል። ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ የማስታወሻ መተግበሪያ ጽፋችሁ ስታበቁ አምጡት። ከወርድ የሚመጣ ከሆነ «ያለ ቅርጸት ለጥፍ» በሚለው ለጥፉ፤ በቀጥታ ከተለጠፈ የተደበቀ የቅርጽ ትእዛዝ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ አንቀጽ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ፣ አንዱ ግራጫ የሚሆነው በዚህ ነው።

ጽሑፉ ራሱ

ርዕሱ ሰው በአፉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይምሰል። «የቡና ነገር» የሚል ርዕስ ማን ብሎ ይፈልገዋል? «እሸት ቡና አልጋ ላይ ለማድረቅ ስንት ቀን ይፈጃል?» ግን ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው ነው። መልሱን በመጀመሪያው አንቀጽ ስጡ። «በመጀመሪያ ስለ ቡና ታሪክ ጥቂት እንበል» የሚለው መግቢያ ልማድ ሆኖብናል፤ ለመልስ የመጣን ሰው ያባርረዋል። ከመልሱ በኋላ አሠራሩን በቅደም ተከተሉ፣ ከዚያ የሚበላሽበትን ቦታና ምክንያቱን ጻፉ። ይህ የመጨረሻው ክፍል ሌሎች የሚዘሉት ስለሆነ ጽሑፋችሁን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው። ከ500 እስከ 900 ቃላት ለአንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ሁለት ጥያቄ ተደባልቆ ሊሆን ይችላል፤ ለዩት።

ከማውጣታችሁ በፊት ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። «እንዴት?» ብሎ ያቋረጣችሁ ቦታ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጎድሏል።

አምስት ጽሑፍ ሳይወጣ ለማንም አትናገሩ። አንድ ጽሑፍ ብቻ ያየ ሰው ተመልሶ አይመጣም። «ስለ ጸሐፊው» የሚል አጭር ገጽም ይኑር፤ ማን እንደሆናችሁና ርዕሱን በምን እንደምታውቁት ይናገር፣ ለመገናኛ ለብሎጉ ብቻ የተከፈተ ኢሜይል ይበቃል። ከዚያ ጉግል ሰርች ኮንሶል በሚባለው፣ ብሎግን ለጉግል ፍለጋ በሚያስተዋውቀው ነፃ አገልግሎት ላይ ብሎጉን አስመዝግቡና የሳይትማፑን (የጽሑፎቹን ሊንክ ዝርዝር የያዘውን ፋይል) አድራሻ ስጡት። በማግስቱ ፈልጋችሁ ብታጡት አትደንግጡ፤ አዲስ ብሎግ ፍለጋ ውስጥ እስኪገባ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል።

እስከዚያ አንባቢ የሚመጣው ከቴሌግራም ነው። የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ብቻ የገዛ ሰው ከቴሌግራም የሚወጣ ሊንክ ሊከፍት እንደማይችል አስቡ። ስለዚህ ሊንኩን ብቻውን አትወርውሩ፤ ዋናውን መልስ በሁለት ሦስት መስመር እዚያው ስጡት፣ ዝርዝሩን ለሚፈልግ ሊንኩ ከሥሩ ይሁን። በዓመቱ ያው ጥያቄ ግሩፕ ውስጥ ሲነሳ ያንኑ ሊንክ መልሳችሁ ትልካላችሁ።

መጠበቅ

ብሎጉ ያለው በአንድ የጉግል አካውንት ውስጥ ነው፤ አካውንቱ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ የመጠባበቂያ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከስልኩ ውጭ አስቀምጡ፤ ሲም ካርድ ሲጠፋ የሚያድናችሁ እሱ ነው። ለ2 ዓመት ያልተገባበትን አካውንት ጉግል ሊሰርዘው ይችላል። በየሦስት ወሩ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የብሎጉን ቅጂ አውርዱ። ፎቶዎቹን ለብቻ ያዙ፤ የወረደው ፋይል ጽሑፉን ነው የሚይዘው።

ሰው ፎቶ ውስጥ ካለ ፈቃድ ጠይቁ፤ ገበያ ላይ የተቀመጠች ሴት የምትሸጠው ኮረሪማ እንጂ ፊቷን አይደለም። የሌላ ሰው ፎቶ ወስዶ «ከኢንተርኔት የተገኘ» ማለት ፈቃድ አይሆንም፤ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። ሰፈርን፣ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚነካ ነገር ስትጽፉ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ብሎግንም እንደሚመለከት እወቁ፤ አስተያየት ሳይታይ እንዳይወጣ ያደረጋችሁት ለዚህም ይረዳችኋል።

የወጣ ጽሑፍ ስህተት ሲገኝበት ወይም ዋጋው ሲለወጥ ሌላ ጽሑፍ አትክፈቱ። አድራሻውን ሳትነኩ የድሮውን ክፈቱ፣ ያረጀውን አስተካክሉ፣ ላዩ ላይ «ታኅሣሥ 5 ቀን ታድሷል፤ የተለወጠው የማድረቂያ አልጋው ዋጋ ነው» ብላችሁ ጻፉ።